ወፍራሙ የዓይን ጠብታ ከትንሿ ብልቃጥ አልወርድ ሲል

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው፣ ከአቶቴ ሰፈር። ጥያቄዬ ስለ ዓይን ጠብታ ነው። ቀጭኑን፣ ገና ሳይነኩት የሚወርደውን ማለቴ አይደለም። ወፍራሙን፣ ጄል የሚሆነውንና ነጭ ሆኖ ከታች የሚዘቅጠውን ነው።

እናቴ ግላኮማ አለባት፤ ብዙ ሰው የዓይን ግፊት የሚለው ማለት ነው። በቅርቡ ደግሞ አንድ ዓይኗ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ስለዚህ ሁለት ወፍራም ጠብታዎች አሏት። አንዱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘላት ነጩ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ የዓይን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል ዓይነት መድኃኒት ነው። ሌላው ለግላኮማዋ ሐኪሟ አዞላት እህቴ ከውጭ የምትልክላት፣ የዓይን ግፊት የሚቀንሰው ቲሞሎል ነው፤ ተራው ፈሳሽ ሳይሆን ዓይን ውስጥ ሲገባ ጄል የሚሆነው፣ በቀን አንዴ ጠዋት የሚደረገው።

ሁለቱም ብልቃጦች 5 ሚሊ ሊትር ናቸው። ፕላስቲኩ ድርቅ ያለ ነው፣ እማዬ ደግሞ ጣቶቿን ሪህ ይዟቸዋል። ገልብጣ ትጫነዋለች፣ ትጫነዋለች፣ ምንም አይወጣም። ጫፉ ላይ አረፋ ይመጣና ይፈነዳል። ቀጥሎ ድንገት አንድ ትልቅ ጠብታ ይወርድና ጉንጯ ላይ ያርፋል። ጄሉማ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስትነቀንቀው ሽፋሽፍቷ ላይ ይለጠፋል። ዓይኗ ውስጥ ይግባ አይግባ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ግላኮማ በብዛት አያምም። ጠብታው ሳይገባ ቢቀር በዚያ ቀን ምንም ምልክት የለም። በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም፣ መድኃኒቱ የሚያደርገው የቀረውን ማቆየት ነው። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ፋርማሲ ስንሄድ ብልቃጡን በከረጢት አድርገው፣ ላዩ ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ጽፈው ይሰጡናል። እንዴት እንደሚደረግ ያሳያት ሰው የለም። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ? ይህ ነበር ጥያቄዬ።

መልሱ ካሰብኩት በላይ በዛ። አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ዓይን የሚያጠፋ ነው፤ ተደባልቆ ሲነበብ ሰው የቱን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሰባስቤ አስቀምጫለሁ፣ ያልተስማማሁበት ቦታም እናገራለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ በጣም ትሑት ናት። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ ብላ ጀመረች። የእሷ አባት የሚቸገሩት በዚያው በነጩ ጠብታ እንደነበር ነገረችን። ዘዴዋ ቀላል ነው፦ ብልቃጡን ክዳኑን ሳትከፍት መዳፏ ውስጥ ትንሽ ታቆየዋለች። ሞቅ ሲል ቀለል ብሎ ይወርዳል። በብርዳማ ጠዋት በተለይ ልዩነቱ እንደሚታይ ጻፈች።

መልስ 2። ይኼኛው አጭር ነው። ማንኛውንም ወፍራም ጠብታ ከመጠቀም በፊት በኃይል መናጥ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም የሚል። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ኋላ ላይ ታርሟል።

መልስ 3። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጦዘው። አንድ ሰው የብልቃጡን ጫፍ በመርፌ ሰፋ አድርጉት የሚል ምክር ሰጠ። ለአጎቱ ያደረገው እንደዚያ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ችግር እንደሚወርድላቸው አስረግጦ ተናገረ። ብዙ ሰውም ወደደለት።

መልስ 4። መላሿ ነርስ ነኝ ትላለች፣ ቁጣዋ ግን ከነርስ ይልቅ የእናት ነው። በመርፌ የሰፋ ቀዳዳ የሚያወጣው ጠብታ መጠኑ የተዛባ እንደሆነ፣ ብልቃጡ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የተቦጨቀ ፕላስቲክ ዓይን ሊቧጭር እንደሚችልና ከመርፌው ጋር ጀርም እንደሚገባ ዘረዘረች። በተለይ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ዓይን ይህን መምከር ወንጀል ነው እስከማለት ደረሰች። ቃሉ ከረር ያለ ነው፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። በቅርብ የተቀደደ ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ ዓይኑን ሊያሳጣ ይችላል።

መልስ 5። ይህ መልስ ለብዙ ቤት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እዚህ አገር ከሚሸጡት ጠብታዎች ውስጥ፣ በተለይ ከህንድ ከሚመጡት፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ድፍን ሆኖ ነው የሚመጡት። ቀዳዳ የላቸውም። ክዳኑ ውስጥ ግን አንድ ትንሽ ሹል ነገር አለ። ክዳኑን ወደ ቀኝ አጥብቀው እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት ሹሉ ጫፉን ይበሳዋል። ከዚያ ወደ ግራ አዙሮ መክፈት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብልቃጡን ሲጫን ውሎ በምላጭ ይቆርጠዋል ወይም እንደ 3ኛው መላሽ መርፌ ያነሳል። ሰውየው ክዳኑን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት ብሎ ጨረሰ። የእማዬን ነጩን ጠብታ ክዳን ገልብጬ አየሁት፣ እውነትም መሀሉ ላይ ሹል ነገር ቆሟል።

መልስ 6። እዚሁ ሐዋሳ የሚሠራ ፋርማሲስት ነው የጻፈው። ረጅም ነው፣ ግን ቃል በቃል ማንበብ የሚገባው ነው። በመጀመሪያ 2ኛውን መላሽ በአክብሮት አረመው። ነጩ ፕሬድኒሶሎን መድኃኒቱ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ዱቄት ነው፤ ሲቀመጥ ይዘቅጣል። ስለዚህ በደንብ መናጥ አለበት፣ አለበለዚያ የላይኛው ውኃ ብቻ ይወርድና መድኃኒቱ ታች ይቀራል። ጄል የሚሆነው ቲሞሎል ግን ሌላ ነው። እሱን ክዳኑ እንደተዘጋ ገልብጦ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች መነቅነቅ በቂ ነው።

ቀጥሎ አረፋው ከየት እንደሚመጣ አስረዳ። ብልቃጡ ቆሞ ሲያድር ወፍራሙ ፈሳሽ ታች ነው፣ አየሩ ላይ ነው። ድንገት ገልብጠን ስንጫን ፈሳሹ ገና ጫፍ ሳይደርስ አየሩን ነው የምንገፋው። ሳይወጣ ሲቀር ለቀቅ እናደርጋለን፤ ስንለቅ ደግሞ አየር ከውጭ ተስቦ ይገባል። ለቀቅ ጫን፣ ለቀቅ ጫን ሲሆን አረፋ ይሆናል። መፍትሔው መጀመሪያ ገልብጦ መታገሥ ነው። ፈሳሹ ጫፍ እስኪደርስ ይጠበቃል። ከዚያ በዝግታ ተጭኖ፣ ሳይለቁ፣ ጠብታው በራሱ ክብደት እስኪወድቅ መያዝ ነው። ብልቃጡ ጋደል ካለ ጠብታው ጫፉ ላይ ስለሚንጠለጠል ቀጥ ብሎ ወደ ታች መያዝ አለበት። ጫፉ ግን ሽፋሽፍትም፣ የዓይን ቆብም፣ ጣትም መንካት የለበትም።

መልስ 7። የእኔ ነው። አመሰገንኩና የእማዬን እጅ ነገር ጠየቅኩ። ፕላስቲኩን ይዞ መቆየት ለእሷ ከባድ ነው፣ ይንቀጠቀጥባታል።

መልስ 8 እና 9 እሱኑ የሚመልሱ ናቸው። አንዷ ብልቃጡን ቀድማ ገልብጣ ታስቀምጠዋለች፦ ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋ በንጹሕ የቡና ሲኒ ውስጥ ታቆመዋለች። ሲኒው ትንሽ ስለሆነ አይወድቅም፤ ጠዋት ስታነሳው ፈሳሹ ቀድሞ ጫፉ ጋ ደርሷል፤ ብዙ መጫን የለም። ለነጩ ጠብታ ግን ከዚያም በኋላ መናጡ አይቀርም። ሌላው መላሽ አልጋ ላይ በጀርባ መተኛትን ይመክራል። ብልቃጡን የያዘው እጅ ግንባር ላይ ይደገፋል። ሌላው እጅ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ ያደርጋል። ዓይን ወደ ጣሪያ ያያል። ጠብታው የሚገባው በተሳበው ቆብና በዓይኑ መሀል በሚፈጠረው ኪስ ውስጥ ነው። እጅ ግንባር ላይ ሲደገፍ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ብልቃጡና ዓይኑ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ይህን ለእማዬ አሳየኋት፣ ወድዳዋለች።

መልስ 10። አንዱ ደግሞ ለእርግጠኛነት ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ጠብታ አድርጉ አለ። አንዱ ቢስት ሌላው ይገባል በሚል።

መልስ 11። ፋርማሲስቱ ተመልሶ መጣ። ዓይን መያዝ የሚችለው ቢበዛ 30 ማይክሮ ሊትር ገደማ እንደሆነ፣ አንድ ጠብታ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር እንደሚሆን ገለጸ። ማለትም አንድ ጠብታ በትክክል ከገባ ይተርፋል። ሁለተኛው ወደ ጉንጭ ወይም ወደ አፍንጫ ነው የሚሄደው። መድገም ያለብን የመጀመሪያው ጠብታ እንዳልገባ ስናውቅ ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ካሉ ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ጄሉ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ ሌላው ጠብታ ከእሱ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቅደም አለበት። ጄል ከገባ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ብዥ ማለቱ ያለ ነው። እማዬ በሱ ስትደነግጥ ስለነበር ይህን ሳነብላት ፊቷ ፈታ አለ።

መልስ 12። ይኼኛው ጠብታው መግባቱን በጉሮሮው ነው የሚያውቀው። መረር ሲለው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው ብሎ ያምናል።

መልስ 13። ነርሷ እንደገና፣ አሁንም ሳትለሳለስ። ጉሮሮ ውስጥ የመረረው መድኃኒት ዓይን ውስጥ መቅረት የነበረበት ነው። ከዓይን ውስጠኛ ጥግ ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ፣ በዚያ በኩል ያመልጣል። ለዚህ መፍትሔው፦ ጠብታው እንደገባ ዓይንን ጨፈን አድርጎ፣ ከአፍንጫ አጠገብ ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለ2 ደቂቃ ያህል ቀስ አድርጎ መጫን። ዓይንን ማርገብገብ የለም፣ ማሸትም የለም።

መልስ 14። አንድ የይርጋለም ሰው በዚሁ ላይ ታሪክ ጨመረ። የእሱ አጎት በልጅነታቸው አስም ነበረባቸው። የዓይን ጠብታ ከጀመሩ በኋላ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ደረታቸው ይጮሃል። ቤተሰቡ ብርድ ነው፣ የሐይቁ ነፋስ ነው ሲል ከረመ። ማንም ከዓይን ጠብታ ጋር አላገናኘውም። ኋላ ላይ ሐኪም የሚወስዱትን ሁሉ አምጡ ብሎ ሲያይ ቲሞሎል ሆኖ ተገኘ። ይህ ተረት አይደለም። ቲሞሎል በአፍንጫ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊያጠብ፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላል። አስም ላለበት ሰው የማይታዘዘውም ለዚህ ነው። ወላጆቻችን ግን የዓይን ጠብታን እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም። ሐኪም ምን ምን ትወስዳለህ ሲላቸው ኪኒኑን ይቆጥራሉ፣ ጠብታውን ይዘሉታል። እባካችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ።

ከመልስ 15 እስከ 18 ያለው ትንሽ ያስፈራኛል። የ15ኛዋ መላሽ ፕሬድኒሶሎን የዓይን ግፊት ይጨምራል ሲባል ሰምታለች፤ እናቴ ደግሞ ግላኮማ አለባት። ስለዚህ ዛሬውኑ አስቁሚያት አለችኝ። ሌላው ደግፏት እኔን በቸልተኝነት ከሰሰኝ። ፋርማሲስቱ አስታረቀ፦ ስቴሮይድ ጠብታ ግፊት ሊጨምር መቻሉ እውነት ነው፤ ሐኪሙ በየቀጠሮው ግፊቷን የሚለካውም ለዚሁ ነው። ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም ዓይኑ መልሶ እንዲቆጣ ያደርጋል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው፣ ሐኪሙ ባለው መሠረት። ስጋት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሄዶ ማስለካት ነው።

በዚህ መሀል አንዱ የተረፈውን ነጭ ጠብታ ዓይናቸው ለሚያሳክካቸው ልጆቹ እንደሚያደርግላቸውና ወዲያው እንደሚሻላቸው ጻፈ። ይሻላቸዋል፣ አዎ። አደጋው እሱ ነው። ነርሷ እዚህ ላይ የጻፈችውን ባሳንሰው ደስ አይለኝም፦ ሕመሙ የፈንገስ ወይም ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ከሆነ ስቴሮይድ ያባብሰዋል፤ አለርጂም ቢሆን ያለ ክትትል ለወራት ከቀጠለ ልጁን ለግላኮማና ለሞራ ይዳርገዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓይኑ የጠፋ የጎረቤቷን ልጅ እንደምታውቅ ተናገረች። ሰውየው ተቆጣ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰዳደቡ። ሌሎች ገብተው ገላገሏቸው።

መልስ 19። አንድ አባት፣ በአነጋገራቸው ዕድሜያቸው የገፋ ይመስለኛል፣ ጸበል ጠጥተው ተቀብተው እንደዳኑ መሰከሩ፤ ፋርማሲ መመላለሱን ተዉት አሉ። መልስ 20 ላይ አንድ ወጣት በጣም ባለጌ በሆነ መንገድ መለሰላቸው። አልወደድኩትም። መልስ 21 የሁለቱንም ልብ ያበረደ ነው፦ እናቱ ጸበሏንም ትጠመቃለች፣ ጠብታዋንም ታደርጋለች፤ የንስሐ አባቷም መድኃኒትሽን አታቋርጪ ብለዋታል። እማዬም የምታደርገው እንደዚሁ ነው፣ አንዱን ለአንዱ ብላ አልተወችም።

ከ22 እስከ 25 ከርዕስ ወጥቷል። የመናኸሪያ መንገድ አቧራ፣ የባጃጅ ዋጋ፣ ማታ ማታ ስልክ ላይ የሚያፈጡ ልጆች። አንዱ በአሞራ ገደል በኩል ጠዋት መራመድ ለዓይን ይጠቅማል ይላል። ለመንፈስ ይጠቅማል፣ ለግፊት ግን ጠብታውን አይተካም። አንዷ ደግሞ ለምን ጠብታውን በቴትራሳይክሊን ቅባት አትለውጪላትም፣ ቅባት ይቀላል ብላ ጠየቀች። ቴትራሳይክሊን ቅባት ሁላችንም ቤት የኖረ ስለሆነ ይመስለኛል። በትራኮማ ዘመቻ የሠራ አንድ ሰው መለሰላት፦ እሱ ፀረ ባክቴሪያ ነው፣ ለትራኮማ በቀን ሁለቴ ለ6 ሳምንት ይደረጋል፤ የዓይን ግፊትን አይነካም።

መልስ 26። የተከራከርነው ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። አንድ ሰው ፋርማሲስቶችን ሁሉ በጅምላ ወቀሰ። ብር ተቀብለው ከረጢት መወርወር ብቻ ነው የሚያውቁት የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ለሰባ ዓመት እናት ምን ያደርግላታል ብሎ ጠየቀ።

መልስ 27። የኛው ፋርማሲስት ተከፋ። ከመስኮቱ ወዲያ ሰልፍ እንዳለ፣ ሰው ባጃጅ አቁሞ ስጠኝ ቶሎ ልሂድ እንደሚለው፣ ላሳይህ ሲለው አውቀዋለሁ ብሎ የሚሄደው ብዙ እንደሆነ ጻፈ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ሊወስድ የሚመጣው በሽተኛው ሳይሆን የተላከ ልጅ ነው።

መልስ 28። አንዲት አስተማሪ ግን አለቀቀችውም። ሰልፉ እውነት ነው፣ ግን ገልብጠው ይጠብቁ፣ በዝግታ ይጫኑ፣ ጥጉን ይያዙ ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም አለችው። ከረጢቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ መሳል ይቻላል፤ ማንበብ የማትችል እናት ጠዋቱን ከማታው ትለያለች። በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከብልቃጡ ጋር ብትላክም ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ከአስተማሪዋ ጋር ነኝ። ወፍራም ጠብታ ከቀጭኑ በተለየ መማርን ይጠይቃል። ኪኒን የሰጠኸው ሰው መዋጥ ያውቃል። ይህን ብልቃጥ የሰጠኸው ሰው ግን ሳያሳዩት በምን ያውቃል? እማዬ ዓይኗ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ራሷን ነው የምትወቅሰው፣ አረጀሁ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ እያለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ብልቃጡ ደረቅ ነው፣ ፈሳሹ ወፍራም ነው፣ ያሳያትም የለም። ፋርማሲስቱንም ማስቀየም አልፈልግም፤ እዚህ ውይይት ላይ የሰጠንን ጊዜ ማንም አስገድዶት አይደለም። ግን ይኸው ትምህርት መስኮቱ ላይ ቢሰጥ ይህ ሁሉ ሰው መርፌ ባላነሳ ነበር።

መልስ 29። የሚያበቃበትን ቀን ስለማንበብ ነው፣ ለኔ አዲስ ነበር። ብልቃጡ ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጅ ነው፣ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። የመላሿ አያት 2026 የሚለውን አይተው በእኛ አቆጣጠር አስበውት፣ ገና ብዙ ዓመት አለው ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። መልስ 30 ቀጠለበት፦ ያ ቀን ሳይከፈት ነው። ከተከፈተ በኋላ አብዛኛው የዓይን ጠብታ ከ28 ቀን በላይ አይቆይም፤ ቢተርፍም ይጣላል። የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ መጻፍ ነው። ለመቆጠብ ብላ ትንሽ ትንሽ የምታደርግ እናት ካለቻችሁ ይህን ንገሯት። 1 ሚሊ ሊትር በግምት ከ20 በላይ ጠብታ አለው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ለሁለት ዓይን በቀን አንዴ ለሚደረግ ጄል በቂና ትርፍ አለ። የባከነ አንድ ጠብታ አያሳዝን።

መልስ 31። ፍሪጅ። ሁሉንም ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው፣ ሐዋሳም ከሰዓት ሲሞቅ እናውቀዋለንና። መልስ 32 ለያይቶ ነገራት። ላታኖፕሮስት የሚባለው የግላኮማ ጠብታ ሳይከፈት ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ከተከፈተ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 6 ሳምንት ይቆያል። ጄሉ ቲሞሎል ግን ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ቢቀዘቅዝ ይበልጥ ይወፍርና መውረዱ ይብሳል። ፀሐይ የማይነካው፣ ከምድጃ የራቀ ጥላ ቦታ በቂ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን ይሆናል የሚለውን ጀምረው ስለ መብራት መጥፋት ሌላ ረጅም ብሶት ተጻፈ፣ እሱን አልፌዋለሁ።

መልስ 33። ከአዳማ የጻፈች እናት የሦስት ዓመት ልጇ ጠብታውን ሲያይ ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ እንደሚዘጋ ተናገረች። ሁለት ሰው ይዞት ነው የሚደረግለት፣ ልጁም እሷም ያለቅሳሉ። ነርሷ በዚህ ጊዜ በጣም ለሰለሰች። ማስገደዱን ተይው አለቻት። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን እንደጨፈነ ይሁን፤ ጠብታው በአፍንጫው በኩል ባለው የዓይኑ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ሲከፍት ራሱ ይገባል። ወፍራም ጠብታማ እዚያው ጥጉ ላይ ሳይፈስ ስለሚቆይ ለዚህ ዘዴ ይመቻል። ለትልቅም ይሠራል። እማዬ እጇ በጣም በሚያማት ቀን እኔ የማደርግላት እንዲህ ነው።

መልስ 34። የመጨረሻው ገና መልስ አላገኘም። ከወንዶ ገነት ነው የተጻፈው። አባቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ እሱ ሥራው ሻሸመኔ ነው። አንድ ዓይናቸው ጭራሽ አያይም፣ በቀረችው ዓይናቸው ነው ጄሉን የሚያደርጉት፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚቀዳላቸው የጎረቤት ልጅ አለ፣ 12 ዓመቱ ነው። ለዚህ ልጅ ማስተማር ይቻላል ወይ፣ እንዴትስ በስልክ ይነገረዋል ነው ጥያቄው። እኔ የመከርኩት፣ እሑድ ሲሄድ በመድኃኒቱ ሳይሆን በሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ አጠገቡ ሆኖ እንዲያለማምደው፣ እጁን በሳሙና መታጠቡንና ጫፉን አለመንካቱን ከሁሉ በፊት እንዲያስይዘው ነው። ልጅን ያለማመዳችሁ ወይም ለብቻው ለሚኖር ሰው ሌላ መላ ያገኛችሁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉለት፣ ቀጣዩ ብልቃጥ የሚከፈተው በዚህ ሳምንት ነው ብሏል።